ኅብርና ዜማ፦ ከፓውል ክሌ ሥዕሎች ጋር የከረመ መምህር ማስታወሻ

በገና ከሚደረድር አዛውንት ፊት ተቀምጦ «ይህ ድምፅ ምን ይመስላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አሥሩ ጅማቶች ሲርገበገቡ፣ በጅማቱና በብርኩማው መካከል የገባችው እንዚራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ ድምፁን ስታነዝረው፣ አድማጩ አንገቱን ይደፋል እንጂ ማብራሪያ አይሻም። ያው ሰው ግን ከሥዕል ትርዒት አዳራሽ ሲገባ ፈረሱን ከፈረስ፣ ተራራውን ከተራራ ጋር ያስተያይ ይጀምራል፤ የሚያስተያየው ሲያጣም ወደ ሠዓሊው ዘወር ብሎ «ምንድን ነው ይህ?» ይላል። ለጆሮ የተፈቀደው ነፃነት ለዓይን የተነፈገው ለምንድን ነው? ሥዕል ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ይህ ጥያቄ ተለይቶኝ አያውቅም።

የሚገርመው ቋንቋችን ራሱ በዓይንና በጆሮ መካከል አጥር አለማቆሙ ነው። «ኅብር» ስንል ቀለም ማለታችን ነው፤ ለቅኔ ሰው ግን ኅብር አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ተሸክሞ የሚቆምበት መንገድ ነው፤ ኅብረ ዝማሬ ስንል ደግሞ የብዙ ድምፆችን አብሮ መሄድ እንሰማለን። «ቃና» የሚለውን ቃልም ለጠጁም ለዜማውም እኩል እንጠቀምበታለን። አባቶቻችን ቀለምን፣ ምስጢርንና ዜማን በአንድ ቃል ሲያጣምሩ ቃል አጥሯቸው ነው ብዬ አላምንም።

ይህን ጉዳይ እንዳስብበት ካደረጉኝ ሠዓሊያን መካከል ቀዳሚው ፓውል ክሌ ነው። ሥራዎቹን በይበልጥ የማውቃቸው ጥራዙ ተላቆ በፕላስተር ከተያያዘ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ያ መጽሐፍ በብዙ ተማሪዎች እጅ አልፏል፤ ሽፋኑም እንደ ዳዊት ደግመውት ወዝቷል። (የማነሣቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክሌ የተወለደው ዲሴምበር 18 ቀን 1879 በስዊዘርላንድ፣ በበርን ከተማ አጠገብ በምትገኝ ሙንሸንቡክዜ በተባለች መንደር ነው። አባቱ ጀርመናዊ የሙዚቃ መምህር፣ እናቱ ደግሞ በድምፅ ሙዚቃ የሠለጠነች ስዊዛዊት ነበሩ። በሰባት ዓመቱ ቫዮሊን ጀመረ፤ በአሥራ አንድ ዓመቱ በበርን ኦርኬስትራ ከአዋቂዎች ጎን ተቀምጦ እንዲጫወት ተጋበዘ። የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ሙዚቀኛ ይሆናል ብሎ ሲጠብቀው እሱ በ1898 ሥዕል ለመማር ወደ ሙኒክ ሄደ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፦ ሙዚቃ በባኽና በሞዛርት ዘመን ከከፍታው ደርሷል፤ ሥዕል ግን ገና ያልተነካ ሀብት አለው የሚል እምነት ነበረው። ይህን ፍርዱን የሚቃወም ሙዚቀኛ አይጠፋም፤ እኔም አልቀበለውም። ይሁን እንጂ ሠዓሊ የሆነበትን አሳብ ልብ በሉ። ሥዕልን የመረጠው ከሙዚቃ ለመሸሽ አልነበረም፤ ሙዚቃ በዘመናት የሠራችውን ቤት በሥዕል መንደር እንደገና ለመሥራት ነበር።

ቤቱ ቶሎ አልተሠራም። በ1906 ሊሊ ሽቱምፕፍ የተባለችውን የፒያኖ መምህርት አገባ። በሙኒክ ኑሯቸው እንጀራዋን የምታመጣው እሷ ነበረች፤ ከቤት ቤት እየዞረች ፒያኖ ታስተምራለች፤ እሱ ቤት ውሎ ምግብ ያበስላል፣ በ1907 የተወለደውን ልጃቸውን ፌሊክስን ያሳድጋል፣ ድስቱ እስኪፈላ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይነድፋል። (ሚስቱ ሥራ ስትውል እሱ ቤት መዋሉን ለወንዶች ተማሪዎቼ ስነግራቸው የሚስቁት ሣቅ ከዓመት ዓመት አልተለወጠም።) በዚያ ዘመን የሠራቸው አብዛኞቹ ሥራዎች በጥቁርና በነጭ ነበሩ። ቀለም ይፈልገዋል፤ ይፈራዋልም። ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ራሱን ሙሉ ሠዓሊ ብሎ ለመጥራት ይቸግረው ነበር።

ከዚያ በአፕሪል 1914 ከሁለት ሠዓሊያን ጓደኞቹ፣ ከኦገስት ማከና ከሉዊ ሟሊየ ጋር፣ ወደ ቱኒዚያ ተጓዘ። የቆየው ሁለት ሳምንት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ነው። ቱኒስን፣ ሐማመትን፣ ካይሩዋንን በውሃ ቀለም ሣለ። በካይሩዋን በነበረ ጊዜም ቀለም እንደያዘውና ዳግመኛ እንደማይለቀው በማስታወሻ ደብተሩ አሰፈረ። ታሪኩን የሚተርኩ ሁሉ በዚህ ቦታ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ መብረቅ የወረደበት ያህል ነው የሚነገረው። እኔ ግን ይህ አተራረክ ለተማሪ ጎጂ ነው እላለሁ። ቀለም በካይሩዋን በር ያገኘው ሰው ሃያ ሰባት ዓመት ቫዮሊን የተጫወተ፣ ከአሥር ዓመት በላይ በጥቁርና ነጭ መስመር የደከመ ሰው ነው። የአፍሪቃ ፀሐይ የመጣለት እርሻው ከታረሰ በኋላ ነው። አብሮት የተጓዘው ማከ ደግሞ ያንን ብርሃን ብዙ ሊጠቀምበት አልታደለም፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 26 ቀን በፈረንሳይ ጦር ግንባር በሃያ ሰባት ዓመቱ ወደቀ። ክሌ ራሱም በ1916 ለውትድርና ተጠርቶ በአውሮፕላን ጥገና ሥፍራ ቀለም ቀቢ ሆነ። ከክንፍ መሸፈኛ ሸራ የተረፈውን ቁራጭ እየሰበሰበ ሥዕል ይሠራበት ነበር።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ከሙዚቃ የወሰደው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ስሜት» ብሎ ይመልሳል። በየትምህርት ቤቱ የተለመደ አንድ መልመጃም ከዚሁ አሳብ ይወለዳል። መምህሩ ካሴት ያጫውታል፤ ትዝታ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ «የተሰማችሁን ሣሉ» ይላል። ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ሁሉም ሰማያዊ ናቸው፤ ሁሉም ወደ ጎን የተጎተቱ ናቸው፤ ጥግ ላይ አንዲት ጨረቃ አትጠፋም። ተማሪዎቹ የሰሙትን ሙዚቃ ሳይሆን ስለ ሐዘን የተነገራቸውን ነው የሣሉት። ዜማው በካሴቱ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ክሌ ያደረገው ሌላ ነው። በ1921 ቫይማር በነበረው ባውሃውስ በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በክፍሉ ውስጥም ከባኽ ሥራዎች ሦስት ድምፆች አንድ ላይ የሚሄዱበትን ክፍል ወስዶ ወደ መስመር መለሰው። የድምፁ ከፍታና ዝቅታ የመስመሩ መውጣትና መውረድ፣ የጊዜው እርዝማኔ የመስመሩ ርዝመት፣ የድምፁ ኃይል ደግሞ የመስመሩ ውፍረትና ቅጥነት ሆነ። ሦስቱ ድምፆች ሲገናኙ፣ ሲለያዩ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ሲያርፍ በዓይን ታየ። እዚያ ውስጥ «ደስታ» ወይም «ሐዘን» የሚል ቃል የለም። ያለው ጊዜ፣ ርቀት፣ ክብደት፣ ድግግሞሽ ነው። ሙዚቀኛ ለስሜት የሚሠራው ቤት ከእነዚህ ነው፤ ሠዓሊም ከእነዚህ መሥራት እንደሚችል ክሌ አመነ።

«ፉጋ በቀይ» የተባለውን፣ በ1921 በውሃ ቀለም የሠራውን ሥዕል ለማየት የቻለ ይህን በቶሎ ይረዳል። ፉጋ አንድ አጭር ዜማ አንዱ ድምፅ ጀምሮት፣ ሌላው ዘግይቶ ያንኑ ይዞት የሚገባበት፣ እየተከታተሉና እየተላለፉ የሚሄዱበት የሙዚቃ አሠራር ነው። ወረቀቱ ጨለማ ነው። ከጨለማው ውስጥ እንስራ የሚመስል፣ ቅጠል የሚመስል፣ ክብ፣ ባለሦስት ማዕዘንና ባለአራት ማዕዘን ቅርፆች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ቅርፅ አንድ ጊዜ አይታይም፤ መጀመሪያ ከጨለማው ሊለይ እስከሚያዳግት ድረስ ጠቁሮ፣ ቀጥሎ ትንሽ ቀልቶ፣ ቀጥሎ ነጣ ብሎ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይመጣል። ዓይን ሳያውቀው ከጨለማ ወደ ብርሃን ይሄዳል፤ በሄደም ቁጥር ጊዜ ያልፋል። ሥዕል በአንድ እይታ የሚያልቅ ነገር ነው የሚሉትን ይህች ትንሽ ወረቀት ዝም ታሰኛለች። ያ እንስራ «ምን ይመስላል» የሚለው ጥያቄም በራሱ ይቀራል፤ ምክንያቱም እንስራው ሲመለስ መስማት ጀምረናል።

እኔም በክፍሌ ከካሴቱ ይልቅ ይህን መንገድ መርጫለሁ። ተማሪዎችን በሦስት መድቤ አንደኛው ቡድን የአምባሰልን ዜማ እንዲያንጎራጉር፣ ሁለተኛው እንዲያጨበጭብ፣ ሦስተኛው የማሲንቆውን ምልስ በአፉ እንዲያሰማ አደርጋለሁ። ከዚያ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ አንድ መስመርና አንድ ቀለም ብቻ ይፈቀዳል። ጭብጨባው የት ይወድቃል? ማሲንቆው ዘፋኙን ስንት እርምጃ ዘግይቶ ይከተለዋል? ዘፋኙ ትንፋሹን ሲሰበስብ ወረቀቱ ላይ ምን ይቀራል? አንዲት ተማሪ ለዘፋኙ የሰጠችውን ቢጫ በዚያ የትንፋሽ ሥፍራ አቋርጣ፣ ባዶው ወረቀት ብቻ እንዲታይ ትታው ነበር። ያን ባዶ ቦታ ከሁሉ ሥራዋ በላይ አደነቅሁላት። ሥራው ይከብዳል፤ ከሰማያዊዎቹ ወረቀቶች ይልቅም ውበቱ መጀመሪያ ያንሳል። ነገር ግን ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት አይሠሩም።

ደግሞስ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ድጓ ገልጦ ያየ ሰው ከቃላቱ በላይ የተደረደሩትን ጥቃቅን ምልክቶች ያስታውሳቸዋል፦ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ደረት፣ ቁርጥ። ስማቸው ራሱ የሠዓሊ መዝገበ ቃላት ነው። ጭረት ጭረት ነው፣ ሂደት የሚሄድ መስመር ነው፣ ርክርክ እንደ ነጠብጣብ የሚወርድ ነው። ድምፅን በመስመርና በነጥብ መያዝ በዚህ አገር ከባውሃውስ በፊት ብዙ ዘመን የኖረ ሙያ ነው። የእኛ ሠዓሊያን ከዚህ ሀብት ገና ጥቂቱን ብቻ ነው የነኩት፤ ፊደሉን ወስደዋል፣ ዜማ ያዡን ምልክት ግን ለመሪጌታው ትተውታል።

ስለ ተፈጥሮ የነበረው አሳብም ከዚህ የተለየ አይደለም። ክሌ ቅጠል ይሰበስባል፣ ያደርቃል፣ ሥሩንና ደም ሥሩን ይመረምራል፤ ተማሪዎቹንም ወደ ዕፅዋት ይመራ ነበር። የቅጠልን መልክ ለመቅዳት አልነበረም። ቅጠል እንዴት እንደሚያድግ፣ መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚከፈል ለማወቅ ነበር። በ1924 በየና ከተማ ባደረገው ንግግር ሠዓሊን በዛፍ ግንድ መስሎታል፦ ከሥሩ የሚመጣውን ወደ ላይ ያሳልፋል፤ ቅርንጫፉ የሥሩ ግልባጭ እንዲሆን የሚጠብቅ ግን የለም። ይህን ምሳሌ ለገበሬ ብትነግሩት ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። «ለምን አልመሰለም?» ብሎ የሚከራከረው ከተማ ያደገ ሰው ነው።

በ1928 መጨረሻ ወደ ግብፅ ተሻግሮ እስከ ቀጣዩ ጃንዩወሪ ድረስ ቆየ። ከዚያ ሲመለስ «ዋና መንገድና ገባር መንገዶች» የተባለውን ሥዕል በ1929 ሠራ። ቁመቱ 83፣ ወርዱ 67 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ባለቀለም መደቦች፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ከታች ሰፍተው ወደ ላይ እየጠበቡ፣ እየተከፈሉና እየተጋጠሙ ሄደው ከላይ በሰማያዊ አግድም መስመሮች ይቆማሉ። የዓባይ ዳር እርሻ ነው፤ የሙዚቃ ድርሰትም ነው። ይህን ሥዕል ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ያ መሬት በየክረምቱ ከእኛ ደጋ ታጥቦ በወረደ አፈር የተሠራ ነው። ክሌ ይህን አስቦት ይሁን አይሁን ለሥዕሉ ለውጥ የለውም፤ ለእኔ ግን አለው።

ወደ አስቸጋሪው ጉዳይ ልምጣ። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በየውይይቱ መድረክ «ቅርፅና ይዘት» የሚል ክርክር ይደረግ እንደነበር የዕድሜ አቻዎቼ ያስታውሳሉ። በአንድ ውይይት ላይ አንድ ወጣት ሠዓሊ ያቀረበውን በቀለም ብቻ የተሠራ ሥዕል ያዩ ገምጋሚ «ይህ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይሰጣል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዛሬም እንዲህ ብዬ አምናለሁ። ሕዝብ በሚከፍለው ገንዘብ የተሠራ አዳራሽ ውስጥ የተሰቀለ ሥራ ሊጠየቅ ይገባዋል። ችግሩ ጠያቂው መልሱን ይዞ ሲመጣ ነው። ወጣቱ አንድም ቃል አልመለሰም፤ ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዶ ጠቅልሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሣላቸው ትራክተሮች በጣም ጥሩ ትራክተሮች ነበሩ።

በጀርመን ጥያቄው እስከ መጨረሻው ሄዷል። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 የክሌ ቤት ተበረበረ፤ ያስተምርበት ከነበረው ከዱሰልዶርፍ የሥነ ጥበብ አካዳሚም ታገደ፤ በዲሴምበር ወር ቤተሰቡን ይዞ ወደ በርን ተመለሰ። በ1937 ከጀርመን ቤተ መዘክሮች 102 ሥራዎቹ ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ጁላይ 19 ቀን በሙኒክ በተከፈተው፣ «የተበላሸ ጥበብ» የሚል ስም በተሰጠው ትርዒት ላይ 17ቱ ከስድብ ጽሑፍ ጋር ተሰቀሉ። ያን ትርዒት ሙኒክ ላይ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። በቀጭን ሽቦ ላይ የተቀመጡ ወፎች እጀታ ሲዞር የሚዘምሩበት «የምታንጫርር መኪና» የተባለው የ1922 ሥራውም ከበርሊን ተወስዶ ተሸጠ፤ ዛሬ ኒው ዮርክ ነው የሚገኘው። እነዚያ ወፎች መንግሥት ይገለብጣሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ምን ያህል ቢፈራ ነው?

የክሌ ሥራ በኛም ሠዓሊ በኩል ወደ እኛ መጥቷል። እስክንድር ቦጎሲያን በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በፓሪስ ሲኖር ከአፍሪቃ ቅርፆችና ከጃዝ ጋር የክሌን ሥራዎች በቅርብ መርምሯል። በ1966 ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምርም ያንን ዓይን ይዞት መጥቷል። የእስክንድርን የሌሊት ሰማይ፣ በውስጡ የሚበርሩትን ፍጥረታትና ጥቃቅን ብርሃኖች ያየ፣ ከክሌ የተማረው ምን እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። የቀዳው ነገር ግን የለም። ወፉ፣ ጥቅልሉ፣ ጠልሰሙ የራሱ ነው። ትምህርት ማለት ይኸው ነው መሰለኝ፤ የአጨዋወቱን ስልት ወስዶ የራስን ዜማ መጫወት።

ክሌ ወደ በርን ከተመለሰ በኋላ በ1935 ታመመ። ሕመሙ ቆዳንና የውስጥ አካልን የሚያጠነክር፣ ምግብ መዋጥ የሚያስቸግር፣ በዚያን ጊዜ ሐኪም መድኃኒት ያላገኘለት ነበር። ከ1911 ጀምሮ ሥራዎቹን እየቆጠረ በመዝገብ የሚያሰፍር ሰው ስለነበር ምን እንደሆነ በቁጥር እናውቃለን። በ1936 ዓመቱን ሙሉ 25 ሥራዎች ብቻ ሠራ። በ1937 ቁጥሩ 264 ሆነ፤ በ1938 489፤ በ1939 ከ1,200 በለጠ። ይህን ቁጥር ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ስለ ተመስጦ ለሚጠይቁኝም የምመልሰው በዚሁ ነው። ስሜት ብቻ ይዞ የተነሣ ሰው በእንዲህ ያለ ሰውነት በቀን ሦስትና አራት ሥራ አያወጣም። እጁ የሚሄድበትን መንገድ ከቫዮሊን ጀምሮ ያውቀው ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሲከዳው የቀረለት ያ ሥርዓት ነው።

ከእነዚያ ዓመታት የምወደው «ኢንሱላ ዱልካማራ» ነው፤ የ1938 ሥራ። ወርዱ 176 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ክሌ በአብዛኛው ከመዳፍ ብዙም በማይበልጥ ወረቀት ይሠራ ስለነበር ይህ ለእሱ እንደ ግድግዳ ነው። በጆንያ ላይ ጋዜጣ ለጥፎ በላዩ ሣለ። መደቡ እንደ በልግ ማለዳ ነው፤ ሮዝ፣ ለጋ አረንጓዴ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ። በዚህ ለስላሳ መደብ ላይ ወፋፍራም ጥቁር መስመሮች እዚህም እዚያም ተቀምጠዋል፤ አጫጭር፣ የተቆለመሙ፣ እንደ ድጓ ምልክት የተበተኑ። መካከሉ ላይ ከመስመሮቹ አንዱ ነጣ ካለ ፊት ጋር ተገናኝቶ የራስ ቅል ሆኗል። የሥዕሉ ስም ጣፋጭና መራራ ከሚሉ የላቲን ቃላት የተሠራ የአንድ ዕፅ መጠሪያ ነው። መደቡን ሸፍናችሁ ጥቁሩን ብቻ ብታዩ ጣር ነው፤ ጥቁሩን ትታችሁ መደቡን ብታዩ ደግሞ ልጅ የሚቦርቅበት ሜዳ ነው። ሁለቱ ድምፆች አብረው ይሄዳሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያሸንፍም።

በአባቱ ጀርመናዊነት ምክንያት ተወልዶ ባደገባት አገር የውጭ ዜጋ ነበርና የስዊዘርላንድ ዜግነት እንዲሰጠው ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ጁን 29 ቀን 1940 በስድሳ ዓመቱ በሎካርኖ አጠገብ ሙራልቶ በተባለ ሥፍራ ሞተ። ማመልከቻው በዚያን ቀን ገና ከባለሥልጣኖቹ ጠረጴዛ ላይ ነበር።